ገደሉን በገመድ የለካው ሊቅ፤ ዘርዐ ያዕቆብ እና የሰውን ልብ የመመርመር ጥበብ

ባሕር ዳር፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ ጣናን በስተግራው ትቶ ይጓዛል። ወረታ ሲደርስ የፎገራ ሜዳ ከነሩዙ ይቀበለዋል። አዲስ ዘመንን አልፎ በእንፍራንዝ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ በኮረብታ ላይ የተቀመጠው የጉዛራ ግንብ ከሩቅ ይታየዋል። ግንቡን አይቶ ያላደነቀ የለም። በዚያች አገር ቀለም እየበጠበጠ፣ ብዕር እየቀረጸ፣ ድንጋይ ሳይኾን ሐሳብ ያነጸ ሰው እንደኖረባት ግን ብዙው መንገደኛ ሳያውቅ ያልፋል።

የሰውዬው ስም ዘርዐ ያዕቆብ ነው። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት አጼ ዘርዐ ያዕቆብ አይደለም፤ ከእርሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የተወለደ የድኻ ገበሬ ልጅ ነው። ዙፋንም ጦርም አልነበረውም። የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሰዎች የሚያምኑትን ለምን ያምናሉ፣ ሁሉም እኔ ነኝ ትክክል የሚለውስ ስለምን ነው የሚል ጥያቄ።

ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ የሚሰጥ የተደራጀ መልስ ዛሬ በሥነ ልቦና ሳይንስ ንድፈ ሐሳብ ይባላል። ንድፈ ሐሳብ የተበታተኑ ነገሮችን በአንድ ምክንያት አስሮ ያብራራል፤ ገና ያልታየውንም ምን ሊመስል እንደሚችል አስቀድሞ ይናገራል። ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ለሊቃውንት ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። ጎረቤቱ ለምን እንዲህ እንዳደረገ የሚገምት ሰው ሁሉ፣ ሳያውቀው ንድፈ ሐሳብ እየሠራ ነው።

የዘርዐ ያዕቆብን ሕይወት የምናውቀው ሐተታ ከተባለችው፣ በግእዝ ከተጻፈች አንዲት ድርሰት ነው። ድርሰቷን ማን ጻፋት በሚለው ላይ በሊቃውንት መካከል ብርቱ ክርክር አለ። ወደ ክርክሩ በኋላ እንመለስበታለን፤ አስቀድመን ግን ድርሰቷ የምትነግረንን ሕይወት እንከተል።

ገደል የገባው ተማሪ

ዘርዐ ያዕቆብ በአክሱም አውራጃ ነሐሴ 25 ቀን 1592 ዓ.ም ተወለደ። ንጉሥ ያዕቆብ በነገሡ በሦስተኛው ዓመት መኾኑ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ የክርስትና ስሙ ሲኾን ሰዎች የሚጠሩት ወርቄ እያሉ ነበር። ድኻው አባቱ ልጃቸውን ከሞፈርና ከቀንበር ይልቅ ለፊደል ሰጡት። ዳዊት ደገመ። መምህሩም የልጁን የአእምሮ ብሩህነትና ትዕግሥት አይተው ትምህርቱን እንዲገፋ ለአባቱ መከሩ።

ዜማ ቤት ገባ፤ ነገር ግን አልኾነለትም። ድምፁ ሻካራ ነበርና ጓደኞቹ ሳቁበት። ሦስት ወር ቆይቶ አዝኖ ወጣ። ሰዋስውና ቅኔ ወደሚያስተምሩ ሌላ መምህር ሄደ። እዚያ ልቡ ሞላ፤ አራት ዓመትም ተቀመጠ።

በዚያ ሳለ አንድ ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት ገደል ገባ። እንዴት እንደተረፈ ራሱም ሳያውቀው ተረፈ። ሌላ ሰው ቢኾን ተአምሩን እያወራ ይኖር ነበር። ወርቄ ግን ረጅም ገመድ ይዞ ገደሉን ለካው፤ ከ25 ክንድ በላይ ጥልቀት ኾኖ አገኘው። ከዚያም ተነሥቶ ያዳነውን ፈጣሪ እያመሰገነ ወደ መምህሩ ቤት ተመለሰ። ምስጋናውና ልኬቱ አልተጣሉበትም። ከሞት ያመለጠበትን ገደል እንኳ ሳይለካ ማለፍ ያልፈለገ ልብ፣ ኋላ ትልቁን የሰው ልጅ እንቆቅልሽ ሳይመዝን አያልፍም።

ቅኔውን ጨርሶ ወደ ትርጓሜ መጻሕፍት ገባ። በዚያም 10 ዓመት ቆየ። የአገሩን ሊቃውንት ትርጓሜ ተማረ፤ ከባሕር ማዶ የመጡትን ካቶሊካውያን ትርጓሜም ተማረ። ሁለቱም ከገዛ ልቡናው ጋር የማይስማሙበት ጊዜ ነበር። እርሱ ግን ጥርጣሬውን በልቡ ሸሽጎ ዝም አለ። ከዚያም ወደ አክሱም ተመልሶ አራት ዓመት አስተማረ።

ለሁለቱም ወገን ጠላት

ዘመኑ ክፉ ነበር። አጼ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። ከሮም የተላኩት ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ በኋላ ደግሞ እምነቱ በትእዛዝ በሕዝቡ ላይ ተጫነ። በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ጎርጎራ የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮን መቀመጫ ነበረች። አገሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ተነሣ፤ ደም ፈሰሰ።

በዚህ መካከል ዘርዐ ያዕቆብ የማስተማር ስልቱን አልለወጠም። ካቶሊካውያኑ ይህንን ቃል እንዲህ ይፈቱታል፣ የእኛ ሊቃውንት ደግሞ እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ለተማሪው ያቀርብ ነበር። ይህ መልካም፣ ያ ክፉ ነው ብሎ አይደመድምም። ውጤቱ ግን ያልጠበቀው ኾነ። ለካቶሊካውያኑ የተዋሕዶ ወገን መሰለ፤ ለተዋሕዶዎቹ ደግሞ ካቶሊክ መሰለ። ሁለቱም ጠሉት።

ይህ ነገር በራሱ የሚያስተምር ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ንግግር፤ ሰሚዎቹ ግን የሰሙት ተቃራኒ ነገር ነው። ሰው የሚሰማው በጆሮው ብቻ ሳይኾን አስቀድሞ በያዘው እምነት ጭምር መኾኑን ዘርዐ ያዕቆብ መጀመሪያ የተማረው ከመጽሐፍ ሳይኾን ከደረሰበት መከራ ነው።

በመጨረሻ የንጉሡ ወዳጅ የነበረ ወልደ ዮሐንስ የተባለ የአክሱም ሰው፣ ሕዝቡን ለዐመጽ ያነሣሣል ብሎ በሐሰት ከሰሰው። ዘርዐ ያዕቆብ ያጠራቀማትን ጥቂት ወርቅ እና የዳዊት መጽሐፉን ይዞ በሌሊት ሸሸ።

በዋሻ ውስጥ የተወለደው ሐሳብ

ወደ ሸዋ ሲያቀና ከተከዜ ወንዝ ወዲያ ሰው የማይኖርበት ሸለቆ አገኘ። ከሸለቆው ሥር ያማረ ዋሻ ነበር። ዙሪያውን አጠረው፤ በዚያም ሁለት ዓመት ኖረ። አልፎ አልፎ ወደ ገበያና ወደ መንደር ብቅ ሲል ሰዎች ባሕታዊ መስሏቸው የሚበላውን ይሰጡት ነበር። ሲመሽ ወደ ዋሻው ይመለሳል፤ ዳዊቱን ይደግማል፤ ያስባል።

መጀመሪያ ያሰበው ስለ ሰዎች ክፋት ነበር። በፈጣሪ ስም የሚማሉ ሰዎች ስለምን በፈጣሪ ስም ይገዳደላሉ ብሎ ጠየቀ። ቀጥሎም ነገሩን እንደ ሙግት አድርጎ ተመለከተው። ካቶሊካዊውን ሊቅ ቢጠይቁት ሁሉን ነገር በእምነቱ መሠረት ይተረጉማል። የአገሩን ሊቅ ቢጠይቁት እርሱም እንደዚያው በእምነቱ መሠረት ይተረጉማል። ታዲያ በሙግቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከሳሽና ተከሳሽ ከኾነ ዳኛው ማን ይኾናል?

ከዚህ በኋላ አንድ ርምጃ ወደፊት ሄደ። የእስልምናና የአይሁድ ሊቃውንትን ቢጠይቃቸውም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ትክክል እንደሚሉ አሰበ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሚያውቃቸው ሁለት ወገኖች ተነሥቶ፣ ሄዶ ስላልጠየቃቸው ወገኖች ግምት ሰጠ። ግምቱ ሊሳሳት የሚችል ነው፤ አንድ ሰው ተነሥቶ ሄዶ ቢጠይቅ ሐሰቱ ወይም እውነቱ ይለያል። ትዝብት ወደ ንድፈ ሐሳብ የሚሸጋገረው እዚህ ነጥብ ላይ ነው።

ምክንያቱንም አስቀመጠ። የሰው ልጅ እውነትን ማወቅ ይመኛል፤ ነገር ግን ምርመራ አድካሚ ነው። ስለዚህ ብዙው ሰው ከአባቶቹ የሰማውን ሳይመረምር ይቀበላል። ሀብትና ክብር የሚሹ ሰዎችም ይህንን ድካም አይተው የሚጠቅማቸውን ነገር እውነት አስመስለው ያቀርባሉ። በሦስት ነገሮች፣ ማለትም በምርመራ አድካሚነት፣ በውርስና በጥቅም፣ የአንድን አገር ትርምስ ለማብራራት ሞከረ። ዳኛ ማን ይኹን ለሚለውም መልሱ ፈጣሪ በሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ያኖረው የልቡና ብርሃን ነው የሚል ነበር።

በዚያው ዘመን አካባቢ እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ በ1620 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የሰው አእምሮ አንዴ የተቀበለውን ሐሳብ ለማጽናት ሌላውን ሁሉ ወደዚያ እንደሚጎትት ጽፎ ነበር። አንዱ በለንደን ቤተ መንግሥት አካባቢ፣ ሌላው በተከዜ ዋሻ ውስጥ ኾነው ወደ ተቀራራቢ ሐሳብ ደረሱ።

ስም ማውጣት ማብራራት አይደለም

ንድፈ ሐሳብ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ መመዘን ሌላ። ለዚህ የሚኾን ምሳሌ ከእርሻ ማሳ ማምጣት ይቻላል።

ይህ ጸሐፊ የግብርና ኮሌጅ ተማሪ ሳለ ከጓደኞቹ ጋር ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ ቀበሌ ወጥቶ ነበር። ሥራችን በመስመር መዝራትን ያልተቀበሉ አርሶ አደሮችን ምክንያት ጠይቆ መመዝገብ ነበር። ገና ሳንጠይቅ በወረቀታችን ላይ የምንጽፈውን እናውቅ ነበር፤ ለውጥ ስለማይወዱ የሚል። አንድ አባት ይህንን ሰምተው ለውጥ እንደማልወድ በምን ዐወቃችሁ አሉን። በመስመር ስለማይዘሩ አልናቸው። በመስመር የማልዘራውስ ለምንድን ነው አሉን። ለውጥ ስለማይወዱ አልን። ሽማግሌው ፈገግ አሉ። በጋን እንደታሰረ በሬ እዚያው ስንዞር አይተውን ነበር።

ከዚያም ባለፈው ዓመት አዲስ ዘር ዘርተው ያመረቱበትን ማሳ አሳዩን። ለውጥ ቢጠሉ ያንን ዘር ባልነኩት ነበር። የእርሳቸው ምክንያት ሌላ ነበር፤ በመስመር መዝራት ብዙ እጅ ይፈልጋል፤ ልጆቻቸው ደግሞ ከተማ ገብተዋል፤ የዘር ሳምንት እንደኾነ ሰው አይጠብቅም። ይህ ማብራሪያ ሊፈተን የሚችል ነው። እውነት ከኾነ ብዙ እጅ ያለበት ቤት በመስመር መዝራቱን ይበልጥ መቀበል አለበት። ወረቀታችንን በቤተሰብ ጉልበት ለይተን ስናየው ለብዙዎቹ ሠራ፤ ለጥቂቶቹ አልሠራም። የእኛው ማብራሪያ ግን ለሁሉም የሚሠራ መስሎ ለማንም ምንም የማይናገር ነበር።

የመጀመሪያው ሚዛን ይህ ነው። ምክንያት ተብሎ የቀረበው ነገር፣ ሊያብራራው ከመጣው ነገር ተለይቶ መታየት አለበት። ሰነፍ፣ ግትር፣ ምቀኛ የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ የድርጊቱ ሌላ ስም እንጂ የድርጊቱ ምክንያት አይደሉም።

ሁለተኛው ሚዛን፣ ማብራሪያው ስሕተት ቢኾን በምን እናውቀዋለን የሚለው ነው። ነገ ይዘንባል ወይም አይዘንብም የሚል ሰው ፈጽሞ አይሳሳትም፤ ለዘሪ ግን አይጠቅምም። ክረምቱ እስከ ሰኔ 15 ይገባል የሚል ሰው ሊሳሳት ይችላል፤ ሊጠቅምም የሚችለው ለዚሁ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፖል ሚል እ.ኤ.አ በ1967 የሙያ ባልደረቦቻቸውን የወቀሱት በዚህ ነበር። በሁለት ቡድኖች መካከል ልዩነት ይኖራል ብሎ ብቻ መተንበይ ቀላል ነው፤ መጠኑንና አቅጣጫውን ለይቶ መናገር ነው ንድፈ ሐሳብን የሚፈትነው።

ወቀሳው በከንቱ እንዳልነበረ ጊዜ አሳየ። እ.ኤ.አ በ2015 ብዙ ተመራማሪዎች ተባብረው በታወቁ መጽሔቶች ከታተሙ የሥነ ልቦና ጥናቶች 100 ያህሉን እንደገና ሞከሯቸው። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶዎቹ ውጤት አግኝተናል ያሉ ነበሩ። በድጋሚ ሙከራው ግን ውጤት የታየባቸው 36 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። የሙከራ ማሳ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይገርመውም። አንድ ዘር በአንድ መደብ ላይ አንድ ዓመት ስላፈራ ለአገር አይታደልም፤ አጠገቡ ማነጻጸሪያ መደብ ይኖራል፤ ሙከራውም በሌላ ቦታና በሌላ ዓመት ይደገማል። ስለ ሰው ልብ የሚነገር ነገርም ከዚህ ያነሰ ፈተና አይገባውም።

ሁለት፣ አራት፣ ስድስት

የዘርዐ ያዕቆብ ሐሳብስ በዚህ ሚዛን እንዴት ይታያል? ሰው የያዘውን ሐሳብ የሚያጸናውን ብቻ ይፈልጋል የሚለው ክፍል ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ በሙከራ ታይቷል። ሞካሪው ስለ ዘርዐ ያዕቆብ ብሎ አልተነሣም፤ የመረመረው ግን ተመሳሳይ ድክመትን ነው።

እ.ኤ.አ በ1960 እንግሊዛዊው ፒተር ዋሶን ለተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉ ቁጥሮችን ሰጠ። ቁጥሮቹ በአንድ ሕግ የተደረደሩ ናቸው፤ ሌሎች ሦስት ሦስት ቁጥሮች እያቀረባችሁ ሕጉን ድረሱበት አለ። ብዙዎቹ በሁለት በሁለት የሚጨምር ሙሉ ቁጥር ነው ብለው አሰቡ። 8፣ 10፣ 12 አቀረቡ፤ ልክ ነው ተባሉ። 20፣ 22፣ 24 አቀረቡ፤ አሁንም ልክ ነው ተባሉ። እርግጠኛ ኾነው ሕጉን ተናገሩ፤ ተሳሳቱ። ሕጉ እየጨመረ የሚሄድ ማንኛውም ሦስት ቁጥር ነበር። 1፣ 2፣ 9 ብሎ የሞከረ ሰው ግምቱ ጠባብ መኾኑን ወዲያው ይረዳ ነበር። ትክክል ነኝ የሚለውን ሳይኾን ተሳስቼ እንደኾነስ የሚለውን መሞከር አስፈላጊ ነበር። አንባቢም ማታ እሳት ዳር ከልጆቹ ጋር ሊሞክረው ይችላል።

ሌላው ክፍል ግን በሚዛኑ አይጸናም። ሰው ሳይመረምር የሚያምነው ምርመራ ስለሚያደክመው ነው የሚለው ሐሳብ፣ ድካሙን ከእምነቱ ለይቶ የሚለካበት መንገድ ካላበጀ ለውጥ አይወዱም ወደሚለው ወደ እኛው ወረቀት ይመለሳል። የልቡና ብርሃን ዳኛ ይኹን የሚለውም ቀዳዳ አለው። ሁለት ሰዎች ከልባቸው መርምረው ቢለያዩስ? አንደኛው በደንብ አልመረመረም ማለት ከተፈቀደ ንድፈ ሐሳቡን ምንም ነገር ሊያስተባብለው አይችልም። ትልቅ ሰው የሠራው ሐሳብም ቢኾን ሳይመዘን አያልፍም፤ ይህንን ያስተማረው ደግሞ ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ ነው።

የእንፍራንዝ ዓመታት

በ1624 ዓ.ም አጼ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ የአባቶች ሃይማኖትም ተመለሰ። ብዙ ሳይቆዩ ንጉሡ ዐረፉ። ዘርዐ ያዕቆብ ከዋሻው ወጣ። ወደ አክሱም መመለስ አልፈለገም። በጌምድር ተሻግሮ እንፍራንዝ ደረሰ። በዚያም ሀብቱ የሚባሉ ባለጸጋ ተቀበሉት። የእጅ ጽሑፉን ውበት አይተው ዳዊት እንዲጽፍላቸው፣ ልጆቻቸውንም እንዲያስተምር ለመኑት። ዘርዐ ያዕቆብ እየጻፈና እያስተማረ በእጁ ሥራ ኖረ። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ ምትኩ የተባለው ወልደ ሕይወት፣ የልብ ወዳጁና የሐሳቡ ወራሽ ኾነ።

በጌታ ሀብቱ ቤት ኂሩት የምትባል አገልጋይ ነበረች። መልከ መልካም አልነበረችም፤ አስተዋይ፣ ትዕግሥተኛና ደግ ግን ነበረች። ዘርዐ ያዕቆብ ሊያገባት ፈለገ። ባለቤቱ ከእንግዲህ ያንተ አገልጋይ ትኹን ቢሉት እርሱ እምቢ አለ፤ የሚፈልጋት ሚስት አድርጎ እንጂ አገልጋይ አድርጎ አልነበረም። ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና ጌታና አገልጋይ ሊባሉ አይገባም ብሎ ያምን ነበር። በዋሻ ያሰበው ሐሳብ ከራሱ ቤት ደጃፍ ሲደርስ አልተመለሰም። ኂሩትም ልጅ ወለደችለት።

ሐሳቡን በተጨባጭ ነገር የመፈተን ልማዱም አልተወውም። አንድ ወንድ ብዙ ሴት ያግባ የሚለውን ሐሳብ ሲመረምር የወሰደን ወደ ቆጠራ ነው። በአንድ አገር ያሉትን ወንዶችና ሴቶች ብንቆጥር ቁጥራቸው ተቀራራቢ ኾኖ እናገኘዋለን፤ ለአንድ ወንድ ዐሥር ሴት አልተፈጠረም። ስለዚህ አንዱ ዐሥር ቢያገባ ዘጠኙ ወንድ ያለ ሚስት ይቀራል። ሰው እንደ እንስሳ የሚሸጥበትን ሥርዓትም በዚያው ዐይን አይቶ ነቀፈ። ስለ ጾምና ስለ ምንኵስና የጻፈው ግን እስከ ዛሬ ብዙ አንባቢ የሚሞግተው ነው፤ መሞገትም ይገባል።

ይህንን ሁሉ በአደባባይ አልተናገረም። ከጎረቤቶቹ ጋር በሰላም ኖረ። ወልደ ሕይወት አጥብቆ ስለለመነው ግን በ68 ዓመቱ፣ በ1660 ዓ.ም ሐተታውን ጻፈ። ከዚያም 25 ዓመት ያህል ኖሮ በ93 ዓመቱ ዐረፈ። የመምህሩን ዕረፍት የመዘገበውም ወልደ ሕይወት ነው፤ በኋላ እርሱም የራሱን ሐተታ ጻፈ።

በሊቁ ላይ የተቀመጠ ሚዛን

አሁን ወደ ቀጠርነው ክርክር እንመለስ። ሐተታ ለዓለም የታወቀችው ከ170 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በበጌምድር ተቀምጦ መጻሕፍት ይሰበስብ ነበር። ቅጂዋን ለፈረንሳያዊው ምሁር ለአንቷን ዳባዲ ላከ። እ.ኤ.አ በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ፣ ድርሰቷን የጻፈው ሚሲዮናዊው ራሱ ነው የሚል ሐሳብ አቀረበ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሳምነር ደግሞ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ተሟገቱ። ሳምነር የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩ፤ በሐተታ የተወቀሰው ሚሲዮንም የዚያው ማኅበር ነበር። ክርክሩ በእኛ ዘመንም እንደ አዲስ ተነሥቶ ቀጥሏል።

የሚቃወሙት ወገኖች ከሚሲዮናዊው ዘመን የሚቀድም ቅጂ አለመገኘቱን፣ የልደት ስሙም ያዕቆብ ማለት መኾኑን፣ ሐሳቡም በደብዳቤዎቹ ካሉት ጋር መመሳሰሉን ያነሣሉ። የሚደግፉት ደግሞ የግእዙን ብስለት፣ የዳዊት መዝሙር ከጸሐፊው አፍ እንደ ውኃ መፍሰሱን፣ የአብነት ትምህርት ቤቱ ሕይወት ከውስጥ የተነገረ መኾኑን ይጠቅሳሉ።

ይህም ራሱ የሁለት ንድፈ ሐሳቦች ፉክክር ነው። የአገር ኩራት ዳኛ ሊኾን አይችልም፤ አንድ ኢትዮጵያዊ ይህንን ሊያስብ አይችልም የሚል ንቀትም ዳኛ ሊኾን አይችልም። መጠየቅ ያለበት እያንዳንዱ ወገን ምን ቢገኝ ተሳስቻለሁ ይላል የሚለው ነው። ከሚሲዮናዊው የሚቀድም አንድ የብራና ቅጂ ቢገኝ የኮንቲ ሮሲኒ ሐሳብ ይወድቃል። ብዙ ተፈልጎ በታጣ ቁጥር ደግሞ የደጋፊዎቹ ሸክም ይከብዳል። የጣና ደሴቶች ገዳማት ለዘመናት የጠበቋቸው የብራና መጻሕፍት ሲመዘገቡና ሲጠኑ የሚጠቀመው የዚህ ጥያቄ መልስ ብቻ አይደለም፤ በርካታ ያልተጠየቁ ጥያቄዎችም መልስ ያገኛሉ።

ደራሲው ማንም ይኹን ማን፣ በሐተታ ውስጥ ያለው ሰው ያነሣው ጥያቄ ዛሬም ከደጃችን አልራቀም። በጣና ዳርቻ እምቦጭን ለመንቀል ዘመቻ ሲጠራ ያልመጣውን ሰው ግድ የለሽ ብሎ ማለፍ ይቀላል። ምናልባት የዚያን ቀን ሰብሉን የሚሰበስብለት ሰው አጥቶ ይኾናል፤ ምናልባት ያለፈው ዓመት የነቀለው እንደገና በቅሎ አይቶ ተስፋ ቆርጦ ይኾናል፤ ምናልባትም እውነት ግድ የለውም። ሦስቱ ምክንያቶች የተለያየ መፍትሔ ይሻሉ። የትኛው እንደኾነ የሚታወቀውም ሄዶ በመጠየቅና በመቁጠር እንጂ በስም አወጣጥ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ሚዛን ነው። ስለ ሌላው ሰው ልብ የምንናገረው ማብራሪያ በራሳችንም ላይ መሥራት አለበት። ዘርዐ ያዕቆብ ሁሉም የራሱን ትክክል ይላል ሲል የገዛ ወገኑን ሊቃውንት ከሙግቱ አላወጣም። በሁለቱም ወገን የተጠላውም ስለዚሁ ነው። በእንፍራንዝ የሚያልፍ መንገደኛ የጉዛራን ግንብ ቀና ብሎ ሲያይ፣ በዚያ አገር ታሪኩ የሚነገርለትን፣ ገደሉን በገመድ የለካውን ሰውም ያስታውስ። ጎረቤቱን ከመፍረዱ በፊትም ገመዱን ያንሣ።